ቁልፉን አልተቀበልኩም

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንዴት ነሽ? እማዬስ? የልብስ ስፌት ሱቅሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እግሬ ብቻ አንድ ቦታ አልቆም ብሎኛል።

አዎ፣ ተቀጠርኩ። አዎ፣ የጭነት መኪና ላይ ነው። ለእማዬ ግን አደራሽን እንዳትነግሪያት። አውቶቡስ ውስጥ እንኳን ዓይኗን ጨፍና የምትሄድ ሴት፣ ልጇ ያን የሚያህል ብረት ስትነዳ ብትሰማ እህል ከአፏ አይገባም። በስልክ ያላወራሁሽም ለዚህ ነው፤ አንቺ ስታወሪ እሷ ጆሮዋን ካንቺ ጆሮ ጋር ለጥፋ ነው። የድርጅቱ ዕቃ ቤት ተቀጠረች በያት። ሥራዋ መለዋወጫ መስጠትና ወንበር ላይ መቀመጥ ነው በያት። ወንበሩ እንኳን ውሸት አይደለም፤ እኔም የምውለው ወንበር ላይ ነው።

ክፍሌ እንዴት ናት ላልሽው፣ ከግቢው አጥር ጀርባ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። ጠዋት ጠዋት ሾፌሮቹ ሞተር ሲያሞቁ የውኃ ብርጭቆዬ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ይሄዳል። ከዳር ሳይደርስ ተነስቼ እይዘዋለሁ። ማንቂያ ደወል አላስፈለገኝም።

ሰውስ አለሽ ወይ ብለሻል። ከማሰልጠኛ አብረን የወጣን አንድ ልጅ እዚሁ ተቀጥሯል። ስሙን ትተን ሳቂታው ነው የምንለው። በርሜል ገጭቶ ይስቃል፣ ፈተና ወድቆ ይስቃል። በዚያ ላይ እኔን ከከተማው መጋዘን ወደ ፋብሪካው፣ ከፋብሪካው ወደ መጋዘን ባዶ መኪና ሲያስመላልሱኝ ስለሚውሉ ብቸኝነት የሚባል ነገር የለኝም።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ተሳቢ ያለው መኪና ይሰጣችኋል ብለውናል። እስቲ እናያለን።

ቶሎ ጻፊልኝ።

ጉንዳንሽ


ጥቅምት 21

ከራሷ ክብደት በላይ ካልተሸከመች ለማይነጋላት ለእኔዋ ጉንዳን፣

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር ወይስ ጆሮሽን በመቆንጠጥ? ሁለቱንም ተቀበዪ።

እማዬ ደህና ናት። የዕቃ ቤት ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ብርድ ይገባታል ብላ ሹራብ እየሠራችልሽ ነው። እኔ በዋሸሁ ቁጥር ሹራቡ በጣት ይረዝማል። ይባስ ብሎ የጎረቤታችን ልጅ ሥራ ፈታ ስለተቀመጠች «እዚያው ዕቃ ቤት ታስገባት» ልትልሽ አስባለች። ምን እንደምትይ ከአሁኑ አስቢበት።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ስለ ብርጭቆሽ ረጅም ወሬ ጽፈሽ፣ ስለ ተሳቢው «እስቲ እናያለን» ብለሽ ሮጥሽ። አውቅሻለሁ እኮ። ልጅ ሆነን ጥርስሽን ሲያምሽ ስለ ጫማሽ ነበር የምታወሪው። ተሳቢ ያለው መኪና ነድተሽ ታውቂያለሽ? አጠገብሽ ተቀምጦ ያስተማረሽ ሰውስ አለ? አዎ ወይ አይ በይኝ፤ በመሃል ሌላ ወሬ እንዳታስገቢ።

እኔ ስለ መኪና የማውቀው ሲመጣ መሸሽን ብቻ ነው። ግን አዲስ ልጅ ሱቄ ስትቀጠር መጀመሪያ በአሮጌ አንሶላ ነው የማስቆርጣት። የሰው ሱፍ አላስነካትም። ሱፍ እንኳን ቢበላሽ ሌላ ይገዛል።

እህትሽ


ኅዳር 3

እታለሜ፣

ዘግይቼ በመጻፌ ይቅር በይኝ። መልሱ አይ ነው። ለሁለቱም።

ማሰልጠኛ የነዳነው አጭር መኪና ነው፤ ባዶውን፣ ሜዳ ላይ፣ በበርሜል መሃል። ቁልቁለትን ያየነው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። መምህሩ አንድ መስመር ወደ ታች ሳበና «ይኼ ቁልቁለት ነው» አለን። እኛም ጻፍን።

ዛሬ ጠዋት ስምሪቱ አስጠራኝ። ስምሪቱ የምንለው መኪና የሚመድብልንን ኃላፊ ነው። «ሲሚንቶ ተጭኗል፣ ተራራውን ትወርጃለሽ» አለኝና ቁልፉን በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። ወጥቼ ሞተሩን አስነሳሁ። የፍሬኑን አየር የሚያሳየው መርፌ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ይወርዳል፤ ቶሎም አይመለስም። ወርጄ ጆሮዬን ብሰጥ ከተሳቢው ሥር የሆነ ነገር እንደ እባብ ይተነፍሳል።

ተመልሼ ገባሁ።

«አየር ይወጣል» አልኩት።

«የማይወጣው የትኛው ነው? ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይወጣል።»

«ተሳቢም ነድቼ አላውቅም።»

«ዛሬ ትነጃለሻ!»

«እንግዲያው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይስጡኝ፣ አብሮኝ ይሂድ።»

«መንጃ ፈቃድሽ ላይ የሁለት ሰው ፎቶ ነው እንዴ ያለው?»

«እንዲህ ከሆነ አልሄድም።»

ያኔ ገና ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለኝ። «በሩ ላይ የተሰለፈውን ሥራ ፈላጊ አላየሽም? ቁልፉን አስቀምጪና ውጪልኝ።»

አስቀምጬ ወጣሁ። ሳቂታው በሩ ላይ ቆሟል። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለኝ። እታለሜ፣ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ከኋላዬ ስምሪቱ ይሰማል፣ ከፊት ለፊቴ ሾፌሮቹ ቆመዋል፤ ሁሉም «ፈራች» የሚሉኝ መሰለኝ። «ሆዴን አመመኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። ስምሪቱም ከውስጥ ሆኖ እሱን ጠራው።

ይዞት ወጥቷል። ክፍሌ ብገባ መቀመጥ አቃተኝ፣ ግቢውን ብዞር ዘበኛው «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። ይኼን የምጽፍልሽ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቆሜ ነው። በሰላም ይደርሳል አይደል? ትንሽ ትንሽ ነው የሚወጣው ብሏል እኮ። ይደርሳል።

ጉንዳን


ኅዳር 4

እታለሜ፣

የትናንቱ ሳይደርስሽ ይኼኛው ከደረሰሽ፣ ያንን እስክታገኚ ቀሪውን አታንብቢ።

ሳቂታው ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጧል። በሕይወት አለ። ሆስፒታል ነው። ከዚህ ሌላ የሚነግረኝ ሰው የለም፤ ስጠይቅ ሁሉም ጫማውን ያያል።

ሆዴን አመመኝ ብዬው ነበር። አሁን የእውነት አሞኛል።


ኅዳር 16

ጉንዳኔ፣

ሁለቱም ባንድ ቀን ደረሱኝ። እንዳልሽው በተራቸው አነበብኳቸው። ደንበኛ ፊቴ ተቀምጣ ስለነበር ፊቴን ልብስ መስፊያው ላይ ደፍቼ ስሰፋ፣ የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ስፈታ ዋልኩ።

ማክሰኞ የደወልሽው አንቺ እንደሆንሽ በትንፋሽሽ አውቄያለሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው?» ብለሽ ዘጋሽው። እማዬ አጠገቤ ስለነበረች «የተሳሳተ ቁጥር ነው» አልኳት። እሷም «የተሳሳተ ቁጥር እንዲህ ያስለቅሳል?» አለችኝ።

መልሱን እነሆ። አየሩን ያስወጣሽው አንቺ አይደለሽም። ቁልፉንም ለልጁ የሰጠሽው አንቺ አይደለሽም። ያየሽውን ግን አልነገርሽውም። ይኼን እኔ ላስተካክልልሽ አልችልም፤ ሰው እንደ ቀሚስ ተፈትቶ አይሰፋም። ሄደሽ ንገሪው። ቢሰድብሽ ቁጭ ብለሽ ተሰደቢ። ቢያባርርሽ በማግስቱ ተመለሺ። አበባ ምናምን ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ምላጭና ሳሙና ያዢ። ሆስፒታል የተኛ ወንድ የሚቸግረው እሱ ነው።

«ነይ» ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ቀደድኩት። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ ቀደድኩት። ብትመጪ እኔ እንቅልፌን እተኛለሁ። አንቺ ግን አትተኚም።

እህትሽ


ኅዳር 29

እታለሜ፣

ምላጩን ይዤ ሄድኩ። እግሩ ክፉኛ ተሰብሯል፤ ብረት ገብቶለታል። ፂሙ አድጎ የማላውቀው ሰው መስሎኝ አልጋውን አልፌው ነበር።

ሁሉንም ነገርኩት። መርፌውን፣ የሚተነፍሰውን፣ ሆዴንም። ጣሪያውን እያየ ሰማኝ። ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ።

«ብትነግሪኝ አልሄድም ነበር ብዬ ልዋሽሽ?» አለኝ። «እሄድ ነበር። ሴቷ የፈራችውን እሱ ነዳው እንዲባልልኝ ስል ብቻ እሄድ ነበር።»

ምላጩንና ሳሙናውን አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ግን ብትነግሪኝ ገና ከላይ ስነሳ በከባድ ማርሽ፣ መኪናውን ይዞ በሚያዘግመው፣ እወርድ ነበር። እኔ ፍሬኑን አምኜ በቀላል ማርሽ ለቀቅኩት። ፍሬኑ ሲከዳኝ ማርሽ ልቀንስ ብል አልገባ አለኝ። ከዚያ በኋላ መኪናው የኔ አልነበረም። ለካ ማርሽ የሚመረጠው ከላይ፣ ሳይወረድ ነው። ይኼን ማን እንደነገረኝ ታውቂያለሽ?» ብሎ በአገጩ አጠገቡ ያለውን አልጋ አሳየኝ። አንድ ጎልማሳ ተኝቷል። «እሱ ነው። አሁን፣ እዚህ ከተኛሁ በኋላ።»

«ሾፌር ነው?»

«ነበር።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አልተቀየምኩሽም አልልሽም። ለማንኛውም ነገ ነይ» አለኝ።

በማግስቱ ሄጄ ፂሙን ላጨሁት። ጉንጩን ቆረጥኩት። «ለዚህም አልሰለጠንሽም» አለኝ። ሳቀ ማለት ይከብዳል፤ ጥርሱን ግን አይቻለሁ።

ግቢ ውስጥ ምን ተባለ ላልሽው፣ ስምሪቱ መሃል ሜዳ ቆሞ «ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፤ ጀማሪ ነው» ብሏል። ጀማሪ መሆኑን ቁልፉን ሲሰጠው አያውቅም ነበር ማለት ነው። እኔን አላባረረኝም፤ ባዶ መኪና ወደማመላለሱ መልሶኛል።

ጉንዳን


ታኅሣሥ 7

እታለሜ፣

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው፤ ሥራ ላይ አይደለሁም። አይ፣ አላባረሩኝም። ገና አልወሰኑም። እንዴት ሆነ ላልሽኝ፣ እንዲህ ነው የሆነው።

ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ግቢ ውስጥ ቆመናል። ስምሪቱ ራሱ ወጣና እኔን ጠራኝ። ሌላ መኪና ነው፤ ያው ተሳቢ፣ ያው ሲሚንቶ፣ ያው ቁልቁለት። ሲመጣ አይቼው ስለነበር የተሳቢው የኋላ ጎማ አልቆ ክሩ መውጣቱን አውቃለሁ። ቁልፉን ሲዘረጋልኝ እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«ጋሼ፣ የተሳቢው ጎማ ክሩ ወጥቷል» አልኩት። «እኔም ለተሳቢ አልሰለጠንኩም። ጎማው ይቀየር፣ ቁልቁለቱን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ይቀመጥ፣ ያኔ እሄዳለሁ። ሆዴን አላመመኝም፤ ደህና ነኝ።»

የመጨረሻዋ ለማንም አልገባችም። ይሁን።

ስምሪቱ ትቶኝ ዞረ። ቁልፉን አጠገቤ ለቆመው፣ ዘንጎ ለምንለው ረጅም ልጅ ሰጠው። ዘንጎ ተቀበለ። ልጁ ወደ መኪናው ሄደ፣ ያን ቁመቱን አጥፎ ተሳቢው ሥር ገባ፣ በጣቱ ጎማውን ነካካ፣ ተመለሰ። «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ቁልፉን መለሰለት። ሦስተኛው ሄዶ ለማየት እንኳን አልሞከረም። አራተኛው እጁን ኪሱ ከተተ። ቁልፉ እንደ ጋለ ፍም ከእጅ እጅ ሲሸሽ ስምሪቱ መዳፍ ላይ ቀረ።

ከኋላ «ቀስ በቀስ» የሚሉት ሽማግሌ ሾፌር ቆሟል። ጎረምሳ ሁሉ የሚቀልድበት፣ መኪናውን እንደ እንቁላል ተሸካሚ የሚነዳ ሰውዬ ነው። ስምሪቱ ዞረና «በል አንተ ትችላለህ፣ አሳያቸው» አለው።

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «እችላለሁ» አለ። «ስለምችል ነው የማልነዳው።»

ሁላችንንም ከግቢ አስወጥተው በሩን ዘጉት። ይኸው ስንት ቀን ሆነን። ጠዋት እየሄድን ከአጥሩ ውጭ እንቆማለን፤ ከሰዓት ከተማውን እዞራለሁ። የማላውቀው መንገድ አልቀረኝም። ቁልፉን እንቢ ካሉት ሁለቱ ሚስትና ሕፃን አላቸው። ትናንት አንደኛው ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ቢባረሩ በኔ ነው ይሉ ይሆን? እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው የምዞረው። ቁጭ ካልኩ ሐሳቡ ይደርስብኛል።

ጉንዳን


ታኅሣሥ 18

ጉንዳኔ፣

ለእማዬ ነገርኳት። በመጀመሪያ ይኼን ዋጪ፣ ከዚያ ቀጥይ።

ምን አለችሽ ብለሽ ከመሞትሽ በፊት ልንገርሽ። እኔ እጄን እያፍተለተልኩ «እማዬ፣ ዕቃ ቤት ያልኩሽ ነገር…» ስል፣ «እ፣ ዛሬ ልትነግሪኝ ነው?» አለችኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ታውቃለች! «ደብዳቤው ሲመጣ የምቀበለው እኔ» አለች፤ «ወረቀቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ወንበር ላይ የምትውል ልጅ ናፍጣ ከየት ታመጣለች?» ሹራቡንም የሠራችው ለመኪናው መስኮት ብርድ ነው። እኔን ግን ያን ሁሉ ወር ስዋሽ ቁጭ ብላ አየችኝ። የጎረቤቷን ልጅ ጉዳይም ያነሳችው እኔን ላብ ላብ ለማሰኘት ነበር። እናታችን እንዲህ ናት እንግዲህ።

ከዚያ የሳቂታውን፣ ቀጥሎ የቁልፉን ነገርኳት። ስለ ልጁ ስትሰማ አለቀሰች። እናት አለችው ወይ አለች። ስለ ቁልፉ ስትሰማ ሹራቡን ከእጇ አስቀመጠች። እኔ እሪታ ስጠብቅ «እንዲህ ብለሽ ጻፊላት» አለችኝ። እንዳለችው ነው የምጽፈው፤

«ልጄ፣ በሰው ሁሉ ፊት አልሄድም ማለት ከቻልሽ መንዳቱን ንጂ። እኔ አውቶቡስ ስሳፈር ዓይኔን የምጨፍነው መንገዱን ፈርቼ አይደለም። ሁልጊዜ እሺ የሚለውን ሾፌር ፈርቼ ነው።»

ያ ሰላም የነሳሽ ልጅ ይመለሳል። ባይመለስም አጥንቱ ደህና ነው።

እህትሽ


ጥር 24

እታለሜ፣

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ። ደብዳቤውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም።

አዎ፣ በሩ ተከፍቷል። ያስከፈተው ደግነት አይደለም። ሲሚንቶው መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ ደንበኞቹ ባለንብረቱን በስልክ አላስተኛ አሉት። ራሱ መጥቶ አነጋገረን። ቆጣ ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ሽማግሌው ይዞት ተሳቢው ሥር አስጎነበሰው። ሲወጣ ሱሪው ጉልበት ላይ ቅባት ነበረው፣ ድምፁም ቀንሶ ነበር። ጎማዎቹ ተቀየሩ። አዲሶቹ ሁሉ ከ«ቀስ በቀስ» ጋር ሳንሰለጥን ተራራውን እንዳንወርድ ተባለ። ስምሪቱ አልተነሳም፤ ያው ወንበሩ ላይ ነው። ዘንጎ ግን አልጠበቀም፤ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሲሄድ «ያን ጎማ በጣቴ ባልነካው ይሻለኝ ነበር፤ በሕልሜ ይመጣል» አለኝ።

ሥልጠናው እንዴት ነው ላልሽው፣ መጀመሪያ ቁልፍ አላስነካንም። በጀርባችን ተኝተን ከሥር ከሥር ስንድህ ሰነበትን። ከዚያ ባዶ ተሳቢ ወደ ኋላ። እታለሜ፣ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲሄድ ክፉ ባል ነው፤ ወደ ቀኝ ስትይው ወደ ግራ ይሄዳል። አጥሩን ጥያለሁ። ዘበኛው እስካሁን ሲያየኝ ወንበሩን ይዞ ይሸሻል።

ቁልቁለቱን ፈራሽ ወይ ላልሽው፣ አዎ። ሳቂታው የወደቀበት ጋ ስንደርስ ድንጋዩ ላይ ሲሚንቶው ደርቆ ነጭ ሆኗል። እግሬ ፍሬኑን ፈለገ። ሽማግሌው ሳያየኝ «ማርሽሽ ይዞታል፣ ፍሬኑን ተዪው» አለኝ። ተውኩት። መኪናው እያጉረመረመ፣ በራሱ ፍጥነት፣ እስከ ታች ወረደ። ታች ስንደርስ ወርጄ መንገዱ ዳር ተመላለስኩ፣ ተመላለስኩ። ጠበቀኝ።

ጉንዳን


መጋቢት 15

እታለሜ፣

አይ፣ አልታመምኩም፤ ዝም ያልኩት መንገድ ላይ ስለሆንኩ ነው። ተራራውን አሁን ብቻዬን እወርደዋለሁ። ዛሬ ግን ግቢ ነኝ፤ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ሳቂታው በምርኩዝ መራመድ ጀምሯል። መንዳት ገና ነው፤ ሐኪሙ ምናልባት አይመለስም ብሏል። ያን የሰማ ቀን ከሆስፒታል እስከ ቤቱ ስሸኘው አላወራኝም። ባለንብረቱ እስኪሻለው ብሎ ስምሪት ክፍል አስቀምጦታል። ከስምሪቱ ጎን ተቀምጦ መኪና ሲወጣና ሲገባ ሾፌሩን ስለ መኪናው ሁኔታ ይጠይቃል። ሁለቱ ስለማይነጋገሩ ክፍሉ ውስጥ ብትገቢ ብርድ ይመታሻል። አንዳንድ ቀን እኔንም ሲያይ ይከፋዋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ለሻይ ይጠራኛል። ሁለቱንም እቀበላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቁልፌን ወስጄ መኪናውን ስዞር የተሳቢው የፍሬን መብራት አይበራም። ተመልሼ ገባሁ። እታለሜ፣ አሁንም እኮ ልቤ ይመታል፤ ያንን ክፍል «አልሄድም» ለማለት ስገባ አፌ ይደርቃል። ለክርክር የሚሆነኝን ቃል ሁሉ ደርድሬ ነው የገባሁት።

«አልሄድም» አልኩ።

ስምሪቱ ቀና አላለም። ሳቂታውም ቀና ሳይል «የቱ ነው?» አለኝ።

«የተሳቢው የግራ ፍሬን መብራት።»

«ጋራዥ ውሰጂው» አለኝ። ከኋላዬ ተራ የያዘው ሾፌር «ጨረስሽ? እስቲ ለቀቅ አድርጊልን» ብሎ በክርኑ ገፋ አደረገኝ።

አለቀ። የደረደርኩት ቃል ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። አንድም ሰው ፊቴን አላየኝም። ወጥቼ ግቢው መሃል ቆምኩና የማደርገው ጠፋኝ፤ ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። ከዚያ ወረቀት ፈልጌ ቁጭ አልኩ።

መካኒኩ እጁን እያወዛወዘ ነው። መብራቱ በራ መሰለኝ። ልሂድ።